ፀሐይ ለቡናው፣ ጓዳ ለልጆቹ

ህዳር ሲገባ ዝናቡ እጁን ይሰበስባል። ጭጋጉ ይነሣል፣ ተራሮቹ ታጥበው አንድ እርምጃ ወደ ከተማው የቀረቡ ይመስላሉ። የትምህርት መጽሐፍ ይህን ወራት መፀው ይለዋል፤ ልጆች ሜዳ ላይ አበባ ሲቀጥፉ የሚያሳይ ሥዕልም አለው። ሥዕሉን የሳለው ሰው ዲላን አያውቃትም። ዲላ ላይ በመፀው ደጅ የሚወጣው ቡና ነው። ልጆች ቤት ይገባሉ።

ለማጋነን አይደለም። ጎረቤቴ ትንቢት ዘጠኝ ልጆች የምትጠብቅበት ክፍልና የእኔ ቤት ግድግዳ ይጋራሉ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ሬዲዮኔን ከፍ አደርግ ነበር። ይኸው ተናግሬያለሁ፤ ስለ ሌላው ስናገር እኔ ንጹሕ ነኝ እንዳይባል።

ትንቢት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአስረኛ ክፍል ያስቀራት የእናቷ ሕመም ነው። አራት ዓመት አስታማ ቀበረቻት። የቀብሩ ድንኳን ሳይነሣ አንዲት ጎረቤት ቡና ለቃሚ «እስክመለስ ያዢልኝ» ብላ ሕፃን አስታቀፈቻት። በማግስቱ ሁለት ሆኑ፣ በዓመቱ ዘጠኝ። እናቶቹ ጎህ ሳይቀድ ያመጧቸዋል፤ ከዚያ መጋዘን ገብተው ጥሬ ቡና ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ከደህናው ሲለዩ ውለው ዓይናቸው ሲፈዝ ይወጣሉ። ቤቱ ታፔላ የለውም። ሰው «ትንቢት ቤት» ይለዋል፣ አለቀ።

ክፍሉ አራት በሦስት ነው፤ አንድ መስኮት አለው። ግቢው ግን ሰፊ ነው፣ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኳስ የሚያስጫውት። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ልጆቹ ይሮጡበታል። ጥቅምት ሲጋመስ አከራይዋ ጋሽ ተክለብርሃን ሸራ ያነጥፉና ቀይ ቡናቸውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያሰጣሉ። ለሰው የሚተርፈው ወደ ሽንት ቤት የሚወስድ አንድ ሳንቃ የምታህል መንገድ ናት። ልጆቹ ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ እያሻሹ፣ አንድ በአንድ፣ እግራቸውን እያዩ ነው የሚሄዱባት። አንዱ ቢስት ቡና ይረገጣል።

ትንቢት ዝም አላለችም። አንድ ጠዋት ጋሽ ተክለብርሃን ቡናቸውን ሲያገላብጡ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ያችን ጥግ ይልቀቁላቸው።»

«ፀሐይ የሚፈልገው መሐሉ ብቻ ነው አልኩሽ? ጥጉ ላይ ያለው ካልደረቀ ሌላውን ይዞ ነው የሚሻግተው።»

«ልጆቹስ?»

«ልጅ እንኳ አይሻግትም ልጄ» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ስንት ነገር ይቀለን ነበር። በዓል ሲመጣ ለዘጠኙም ዳቦ የሚያስጋግሩ ሰው ናቸው። ቡናውን በቀን አራት ጊዜ ያገላብጡታል። ቀትር ሲበረታ እንዳይሰነጠቅ ያለብሱታል፤ ደመና ሲያዩ በነጠላ ጫማ ይሮጡለታል። በዲላ ከተማ እንደዚያ ቡና የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ የሚሞቅ ልጅ ካለ አሳዩኝና አፌን እዘጋለሁ።

ከዘጠኙ አንዷ ሀሴት ናት፤ የእሌኒ ልጅ፣ ሦስት ዓመቷ። እሌኒ ራሷ ገና ሃያ ሁለት ነው፤ ከልጇ ጋር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሀሴት ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ ሦስት እርምጃ ትሄድና ትቀመጣለች። እግሮቿ ከጉልበት በታች እንደ ቅንፍ ወደ ውጭ ጎብጠዋል። ክትባት ልትሰጥ የመጣች የጤና ባለሙያ ገልጣ አየቻትና ትንቢትን ጠየቀቻት፦

«ይቺ ልጅ ፀሐይ ታገኛለች?»

ትንቢት ወደ መስኮቱ አየች።

«አጥንቷ ለስልሷል። ጤና ጣቢያ ውሰዷት። በየቀኑ ጠዋት ደግሞ እግሯን ገልጣችሁ ፀሐይ አሙቋት። ዛሬ ነገ ካላችሁ እንደጎበጠ ይቀራል።»

ማታ እሌኒ ሰማች፣ አለቀሰች፣ «እሑድ እወስዳታለሁ» አለች። በዚህ ወቅት ግን እሑድም ለቀማ አለ፤ ጤና ጣቢያውም እሑድ ካርድ አያወጣም። እናት ጎህ ሳይቀድ ትገባለች፣ ሲመሽ ትወጣለች። እናትና ልጅ በፀሐይ ብርሃን ከተያዩ ወር አልፏቸው ነበር።

ትንቢት ልጆቹን ወደ ተራራው ላውጣቸው ብላ እናቶቹን ለምናለች። የሁሉም አፍ ማርቲ ናት፤ የአምስት ዓመቱ የእዮብ እናት፣ ምላሷ እንደ መጋዘኑ ወንፊት ምንም የማያሳልፍ። «ተራራ?» አለቻት። «እኔ ልጄን ቆጥሬ ሰጥቼሽ ቆጥሬ የምረከበው ቤት ውስጥ ስለሆነ ነው። ልጅ የሚሰርቁ ሰዎች ገብተዋል ሲባል አልሰማሽም?» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንቢት ሁለተኛ አልጠየቀችም። ጥፋቷ እዚህ ላይ ነው፤ አልሸፍንላትም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ተክለብርሃን ገበያ እንደሄዱ፣ ፈድሉ ባጃጁን በሩ ላይ አቆመ። ፈድሉ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከትንቢት ጋር አብረው ተምረዋል።

«ዘጠኝ ነው ያልሽኝ? ትራፊክ ቢያስቆመኝ ምን ልበለው?»

«የእኔ ናቸው በለው።»

«ገና ሚስት ሳላገባ! ወላሂ አባቴ ከሰማ ሳልሞት ወራሽ አገኘሁ ይላል» አለና ልጆቹን እንደ ሙዝ ዘለላ ደረደራቸው። አስፋልቱ አልቆ፣ ኮረኮንቹም አልቆ፣ የእግር መንገዱ የሚጀምርበት አወረዳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊመለስ ተቀጣጠሩ።

ዳገቱን ሀሴትን አዝላ ጀመረችው። እንሰቱ ከራስ በላይ ነው፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ቀልቶ ጎንበስ ብሏል፤ ከሁሉም በላይ ትልልቅ ዛፎች ብርሃኑን እያጣሩ ያወርዱታል። ምድሩ እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ትንቢት ዞር ብላ ልጆቹን አየቻቸው። ማንም ሳያዛቸው ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው፣ እግራቸውን እያዩ ይሄዳሉ።

«ተበተኑ እንጂ! ሩጡ!» አለቻቸው።

አልተበተኑም። እዮብ ቡናውን በዓይኑ ሲለካ ቆየና፣ «ሸራው የት አለ?» አላት።

«እዚህ ሸራ የለም። ዛፍ ላይ ነው ያለው።»

«ማን አወጣው?»

ከዚያ አንዱ ቀይ ፍሬ ቀጠፈ፣ ላሰ፣ ጣፈጠው። እንደ ወሬ ተዛመተ። ስምንቱም አፋቸው ቀልቶ ሲመጡ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቅርጫቷን እንዳነገተች ብቅ አለች።

«አንቺ! በልጅ ታስለቅሚያለሽ እንዴ? የከተማ ሰው ደግሞ በዚህ መጣ?»

«ስምንት ፍሬ ናት እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትንሽ የሚቀመጡበት ፈልጌ ነው።»

«የት ነው የሚቀመጠው? እዚህ እግር የሚረግጠው ሁሉ ባለቤት አለው። ወደ ላይ ሂጂ፣ ወደ ላይ!»

እውነቷን ነው። ጌዴኦ ምድር ሰው ስለሚበዛ፣ መሬትም ስለሚጠብ፣ ባዶ ሜዳ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። ከከተማ ጓዳ ወጥተው ተራራ ለተራራ «ሂዱ» እየተባሉ ወጡ። አናቱ ሊደርሱ ሲሉ ዛፎቹ ድንገት ገለል አሉ። ከብት የጋጠው የመሰለ አጭር ሣር፣ ዙሪያውን ዕድሜያቸው የማይታወቅ ዛፎች፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ቁልቁል ርቆ አባያ ሐይቅ ያብለጨልጫል። ሶንጎ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚፈርዱበት ቦታ። ትንቢት ታውቀዋለች፤ አባቷ በሕይወቱ እያለ እንዲህ ያለ ቦታ ይቀመጥ ነበር። ልጅ የሚቦርቅበት አለመሆኑንም ታውቃለች። ሌላ ሣር ግን አልነበረም።

ልጆቹ ጠርዙ ላይ ቆሙ። አንዷ ጫማዋን አወለቀችና በአንድ እግሯ ነካ አደረገችው። ከዚያ መንከባለሉ መጣ፣ ጩኸቱ መጣ። ዛፍ ላይ ጉሬዛ አይተው «አያቴ!» አሉት፣ ነጭ ሪዙን አይተው። የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ተንሸራተቱበት። እዮብ አንዲት ጥንዚዛ ይዞ ለእያንዳንዱ ልጅ አስተዋወቃት። ትንቢት የሀሴትን ካልሲ አወለቀችና እግሮቿን ፀሐይ ላይ ዘረጋቻቸው። የተላጠ ድንች ይመስሉ ነበር ብላኛለች፤ ፀሐይ የነካቸው የማይመስሉ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን አራት ሽማግሌዎች የድንበር ክርክር ሊሰሙ መጡ። ታላቃቸው ጋሽ አብዲሳ ናቸው። በሣሩ ላይ የተበተነውን ሕፃን ሁሉ በዱላቸው ጫፍ ከቆጠሩ በኋላ፣ «የማን ልጆች ናቸው?» አሉ።

«የለቃሚዎች ናቸው አባ። የምጠብቃቸው እኔ ነኝ፤ ፀሐይ ላሳያቸው ነው ያመጣኋቸው።»

«እናቶቻቸው እዚህ እንዳሉ ያውቃሉ?»

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልጋት። «አዎ» ብትል መርቀው ይሸኟት ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈድሉ መጥቶ ይወስዳቸው ነበር፤ ማንም ሳያውቅ ሐሙስ ትደግመው ነበር። ግን ሶንጎ ላይ ውሸት አይነገርም። እዚያ የዋሸ ሰው ቤቱ አይለማም፣ ዘሩ አይባረክም ይባላል። ትንቢት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሐል ያደገች ናት፤ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንበትም ትላለች። አፏን ከፈተች፣ «አዎ» ልትል። አባቷ እንደዚያ ባለ ሣር ላይ ተቀምጦ ነው የኖረው። 

«አያውቁም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ አብዲሳ አንድ ዛፍ አመለከቷት። «እዚያ ሥር ተቀመጪ። እናቶቹ መጥተው እስኪያዩሽ እንዳትነሺ።»

ስልክ ተደወለ፣ ለፈድሉ። የለቃሚዎቹ ስልክ ማለዳ በር ላይ ስለሚሰበሰብ እነርሱ ጋ መደወል አይቻልም። ፈድሉ ወደ መጋዘኑ በረረ። ዘበኛው ከመውጫ ሰዓት በፊት በር አይከፈትም አለው። ፈድሉ ባጃጁ ላይ ቆሞ በአጥሩ በኩል ጮኸ፦ «ልጆቻችሁ ሶንጎ ላይ ናቸው! ደህና ናቸው!» ከሁለቱ ዓረፍተ ነገር የተሰማው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሴቶቹ በሩን ሊያፈርሱት ደረሱ። አሠሪው መጣና፣ «የሚወጣ ይውጣ፤ ተመልሶ መግባቱን ግን አላውቅም» አለ። ከእናቶቹ ሰባቱ ወጡ።

ትንቢት ሦስት ሰዓት ያህል ዛፉ ሥር ተቀምጣ ዋለች። በፊቷ ሁለት ወንድማማቾች ስለ አንድ የእንሰት መደዳ ይከራከራሉ፤ በዙሪያቸው ዘጠኝ ልጆች ይራወጣሉ። ማንም ልጆቹን አልከለከለም። እርሷ ብቻ ናት የታሰረችው፣ ያለ ገመድ። በዚህ መሐል ሀሴት በእጇ ሣሩን ገፍታ ተነሣች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደቀች። ሣር ነውና አላመማትም፤ አላለቀሰችም። ተነሣች። አራት። ወደቀች። ተነሣች። ትንቢት እጇን ዘረጋች፤ መነሣት ግን አልተፈቀደላትም። ልጅቷ ደግሞ ወደ እርሷ አልነበረም የምትሄደው፤ ወደ ሜዳው መሐል ነበር። ስድስት። ሰባት። አንደኛው ሽማግሌ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ዱላቸውን ከመንገዷ ላይ ሳብ አደረጉላት።

እናቶቹ አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ፤ ፊት ፊት ማርቲ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

«አንቺ ጅብ! በእግዜር ስም ነው የሰጠሁሽ! መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደቀበርኩት ታውቂያለሽ?» እዮብን ጎትታ ክንዱን፣ አንገቱን፣ ጆሮውን ዳሰሰች። «አፉ ምን ሆኖ ነው የቀላው? ደም ነው?»

«ቡና ነው እማ» አለ እዮብ። «ዛፍ ላይ ነው ያለው። ታውቂ ነበር?»

 እሌኒ ሀሴትን አቀፈቻት፣ አጥብቃ። ሰባት እርምጃ መሄዷን ማን ይንገራት? ትንቢት ልትናገር ስትል ጋሽ አብዲሳ ዝም አሰኟት።

ፍርዱ አጭር ነበር። «ጥጃ እንኳ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይነዳም። አጥፍተሻል» አሏት። የእያንዳንዷን እናት ጉልበት ይዛ ይቅርታ እንድትለምን አዘዟት። አደረገችው፤ ለማርቲም ጭምር። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እናቶቹ ዞሩ። «እናንተስ? ልጅ በፀሐይ ወር ፀሐይ ካላየ ጥፋቱ የማን ነው?»

ማርቲ ናት የመለሰችው። «የእኛ ነው በሉ አባ፣ ይሁን፣ ፍረዱብን። ከዚያ ግን የመጋዘኑን ጌታ ጥሩና እርሱ ላይም ፍረዱ። ይመጣል?»

ጋሽ አብዲሳ ሣሩን በዱላቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉ። 

«የማይመጣ ሰው ላይ አይፈረድም» አሉ ጋሽ አብዲሳ በመጨረሻ።

መረቁ፤ ምርቃታቸው ያማረ ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ዱላቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። አያችሁ? ሁሉም ደግ ነው። አከራዩ ደግ፣ ዳኛው ደግ፣ እኔም በሬዲዮኔ ማዶ ደግ። በዚህ ሁሉ ደግነት መሐል የአንዲት ልጅ እግር ይጎብጣል፤ የሚጠየቅ ሲፈለግ ግን የተገኘችው ሣር ያሳየቻት ሴት ብቻ ሆነች።

ረቡዕ ጠዋት ከዘጠኙ አምስት ልጆች መጡ። ደግነቱ እዮብ አንዱ ነው፤ ማርቲ ጠረጴዛ ላይ እንደ ዕቃ አስቀምጣው፣ «ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ነው፣ እንዳይመስልሽ» ብላ ሄደች። ሀሴት አልመጣችም። ትንቢት ማታ እሌኒን መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«እሌኒዬ፣ ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩሽም። እግሯን ሳየው ቀላ ብሎ ነበር፣ ደስ ብሎኛል።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ለምኜ ነው የተመለስኩት ትንቢት። ሁለተኛ ከወጣሽ አትምጪ ብለውኛል። አንቺ ጋ ካለች አንድ ነገር በሆነ ቁጥር እጠራለሁ። ቤት ቆልፌባት ስሄድ ግን የሚጠራኝ የለም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። እኔ ደጋግሜዋለሁ። አንዲት እናት በአእምሮዋ ሙሉ ሆና፣ ልጇን እየወደደች፣ አስልታ የደረሰችበት ነው። ስህተቱን ልነግራት ሞከርኩ፤ ከእርሷ ኑሮ ውስጥ ቆሜ ሳሰላው እኔም እዚያው ደረስኩ።

ትንቢት ግን ሌላ ስሌት አላት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አምስቱን ቀሚሷን አስይዛ ትወጣለች። ጋሽ ተክለብርሃን «ቡናዬን!» ይላሉ፤ እርሷ «ደህና አደሩ ጋሼ» ትላለች። ሁለት ቅያስ አልፋ እሌኒ የተከራየችው ክፍል ትደርሳለች። በሩ ቆርቆሮ ነው፣ በውጭ ተቆልፏል። ከሥሩ ግን መሬቱ ተቦርቡሮ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት አለ። ትንቢት ጉንጯን መሬት ላይ ታስተኛለች።

«ሀሴትዬ፣ እኔ ነኝ። ተኚና አምጪያቸው።»

ትናንት እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ማየት ነበረብኝ። መጀመሪያ ውስጥ የሚንሸራተት ነገር ተሰማ። ከዚያ ሁለት ትናንሽ ተረከዞች ወጡ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት። የቀረው አካሏ ጨለማ ውስጥ ነው። ትንቢት አቧራውን በእጇ አራገፈችላት፣ እግሮቿን ቀስ ብላ ፀሐዩ ወደወደቀበት አዞረቻቸው። እዮብ ጉንዳን እንዳይነክሳት ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ሌሎቹ ተራ በተራ ተረከዟን ይኮረኩሯታል፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ሳቅ ይሰማል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ይቆያሉ።

አራት ሰዓት ገደማ የጎረቤቱ ጣሪያ ጥላ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። በሩ ጋ ሲደርስ ትንቢት የልጅቷን እግር ከአውራ ጣቷ ጀምራ ወደ ላይ አንድ ጊዜ አሸችውና፣

«በቃ፣ ሳቢያቸው» አለቻት።

እግሮቹ ገቡ።